«ስምዎ» እና «ስምህ»

ዓባይነህ ዳውንታውን ኦክላንድ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። በፈረንጆች 1984 በጋ ላይ አንድ ጃማይካዊ ደንበኛ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሰማና አማርኛ አስተምረኝ ብሎ ያዘው። ሚስተር ሴድሪክ የአላሜዳ አናጢ ነው፤ ስልሳን አልፏል፤ የተገመደ ሽበቱ ወገቡ ይደርሳል።

ሃይማኖቱ በዕድሜ ከራሱ ያንሳል። በ1930 የጃንሆይ መንገሥ ጃማይካ ሲሰማ፣ ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የተጋዙ ድሆች የተነገረለት ጥቁር ንጉሥ መጣ አሉ። የሴድሪክ አባት ከመጀመሪያዎቹ አማኞች ነበር፤ ለዚሁም ታስሯል። ጃንሆይ ሲነግሡ የተውትን «ራስ ተፈሪ» እነሱ አንስተው መጠሪያ አደረጉት። ጃንሆይ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናቸውም ለሴድሪክ አልሞቱም።

የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በንግሥ በዓላቸው ዕለት፣ ወንድሞቹ ፊት፣ ዓባይነህ በሚጽፍለት አማርኛ ወደ ጃንሆይ መጸለይ። ጣጣው እዚህ ላይ መጣ። አማርኛ ንጉሥን እርስዎ፣ እግዚአብሔርን አንተ ይላል፤ እንግሊዝኛ በአንድ «ዩ» ተገላግሏል። ዓባይነህ «አንተ» ብሎ ቢጽፍ ሰውን አምላክ ማለቱ ነው፤ ቆራቢ ነውና አይሆንለትም። «እርስዎ» ቢል ደግሞ ያመነውን ሽማግሌ ማታለሉ ነው። ሚስቱ ፅጌረዳ፣ «ኮል አድርግና ቢዚ ነኝ በለው» አለችው። አልደወለም። «ስምዎ ይቀደስ» ብሎ ጻፈለትና አፈረ።

ሴድሪክ ግን ፊደሉን እንደ እንጨቱ ለክቶ ነበር የተማረው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቤተ ክርስቲያን ያገኘውን አባታችን ሆይ ይዞ ፓርኪንጉ ድረስ መጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ።

«እዚህ ‹ስምህ› ይላል፤ የኔው ላይ ‹ስምዎ›። ለምን?»

ዓባይነህ አልዋሸም፤ «ዎ» ለሰው ነው አለው። ሽማግሌው አንተ ራስህ ጃንሆይን ምን ትላቸው ነበር ብሎ ጠየቀው።

«እርስዎ። አንተ ያልኳቸው አንድ ቀን ብቻ ነው» አለ ዓባይነህ። «ከቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ሲወስዷቸው ተማሪ ነበርኩ። መንገድ ዳር ቆሜ ‹አንተ ሌባ!› አልኳቸው። ዞረው አዩኝ።»

ይህን ለፅጌረዳም ነግሯት አያውቅም።

ሴድሪክ አዲስ ወረቀት አወጣና «ስምህ ይቀደስ» ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። የድሮውን አጥፎ ለዓባይነህ ሰጠው።

«ይኼኛው ያንተ ነው» አለው። «ይቅርታ ጠይቅበት።»

ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ባለመኪና ክላክስ ያደርጋል፤ ዓባይነህ ወረቀቱን ይዞ ያለቅሳል።