ሚኒባስ ውስጥ ያስያዝኩት ገዳይ

አንድ ንጹሕ ሰው በፖሊስ አስይዣለሁ። ማታ ያየሁት ፊልም ላይ አንዲት መርማሪ ብዙ ሰው የገደለውን ሰውዬ ከሁኔታው ብቻ ለይታ ስትይዘው እኔም እንደምችል ተሰማኝ። በማግስቱ ለወንድሜ ልጅ ሰርግ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እጅጌ ላይ የደረቀ ደም አለ። ከያዙት ጥቅልም የቢላዋ ጫፍ ብቅ ብሏል።

«እንኪ ልጄ፣ ዳገቱ ያዞራል» ብለው ብርቱካን ሰጡኝ።

የፊልሙ ገዳይም ደግ ነበር።

ፍተሻ ላይ ስንቆም ለፖሊሱ በሹክሹክታ ነገርኩት። ጥቅሉ ሲፈታ ሦስት ቢላዋ ወጣ።

«አራጅ ነኝኮ፤ ወላሂ፣ ሰው ይጠብቀኛል» አሉ።

«እስክናጣራ ይቆያሉ» አላቸው ፖሊሱ። የፊልሙ ገዳይም ሰበብ አያጣም ነበር። ብርቱካኑን ግን መንገድ ላይ በላሁት።

ደሴ ስደርስ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

«እትዬ፣ አንድ ሽማግሌ አብረውሽ አልተሳፈሩም? ለሙስሊም እንግዶቻችን በሬውን የሚያርዱት እሳቸው ናቸው። ከኮምቦልቻ ተነሥቻለሁ ብለውኝ ነበር።»

«አላየሁም» አልኩት።

በዚያ ሰርግ ሽሮ በልታችሁ የሄዳችሁ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን፣ እርስዎም ብርቱካን የሰጡኝ አባቴ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።