ውሃ ያልፈሰሰበት ብረት

እስቲ ይህችን የአሉሚኒየም ቁራጭ እዩ። ርዝመቷ ክንድ አይሞላም፤ ስፋቷ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ሰዓደት ሁልጊዜ ከመለጠፏ በፊት ከጓደኛዋ ተቀብላ ውሃ ታፈስባታለች። ውሃው እንደ ስስ ሻሽ ተዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለበሳት ንጹህ ናት። የሆነ ቦታ ላይ ሸሽቶ እንደ ጤዛ ከተንከባለለ ግን እዚያ ቅባት አለ። ዓይን አያየውም። ውሃ ያየዋል።

ሰዓደት የገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ናቸው። እሷ የምትሠራው አቃቂ፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ ጀርባ በተወሸቀ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። እዚያ የአንበጣ መርጫ ትንንሽ አውሮፕላኖች የጅራት ክፍል ይሠራል፤ አብራሪው አውሮፕላኗን ግራና ቀኝ የሚያዞርበት ሳንቃ። ሰዓደት አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። በዚህ አትዘኑላት፤ የምታዝኑበት ሌላ ነገር አለ።

ሳንቃው ከካርቦን ፋይበር ነው፤ ሬዚን የሚሉትን ፈሳሽ ሙጫ ጠጥቶ የደረቀ ጥቁር ጨርቅ በሉት። ከጅራቱ ጋር የሚያገናኘው ማጠፊያ የሚታሰረው ደግሞ አሉሚኒየም ላይ ነው። ስለዚህ ጨርቅና ብረት መጋባት አለባቸው። የሚያጋባቸው ማጣበቂያ ነው። እኔ እጄ ብየዳ የለመደ ሰው ነኝና "ማጣበቂያ ምን ይታመናል? በቡሎን ጥርቅም አድርጋችሁ አታስሩትም?" ብዬ ተከራክሬያት አውቃለሁ።

"ጋሼ፣ ጋቢዎን ሚስማር ላይ ሰቅለው ያውቃሉ?"

"አዎ።"

"መቀደድ የጀመረው ከየት ነው?"

ከሚስማሩ ነዋ! ቀዳዳ ክሩን ይቆርጣል፤ ሸክሙም ተንጋግቶ እዚያች ቀዳዳ ላይ ይረባረባል። ማጣበቂያ ሸክሙን ለገጹ ሁሉ ያካፍለዋል። ደግሞ ካርቦንና አሉሚኒየም ገላ ለገላ ተነካክተው እርጥበት ካገኛቸው አሉሚኒየሙ ይበላል አለችኝ። ለዚህ ሲባል በመሃላቸው ስስ የመስታወት ጨርቅ ይገባል። "ሽማግሌ ነው" ብላ ሳቀች፤ "ካልገባ ትዳሩ አይሰነብትም።"

አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ጠፋ። አቃቂ ላይ ይህ ዜና አይደለም። የፈረቃ አለቃው ጃለታ "ዛሬ በአልኮል ጥረጉትና እለፉት፤ ምድጃው ሞቋል" አለ። ሰዓደትም እሺ አለች። ይህቺን እሺ ልብ በሉልኝ።

ብረቱን ጠርጋ የምታቀብላት አለሚቱ ናት። አለሚቱ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። እናቷ አናቷን በቅቤ ሳያርሱ ከደጅ አላስወጧትም፤ "አራስ ነሽ፣ ብርድ ይገባሻል" ብለው። ቅቤው ላይ ሻሽ፣ ሻሹ ላይ የሥራ ቆብ። ክፍሉ ከምድጃው ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ወበቁ አይጣል ነው። አለሚቱ ጠርጋ አቀበለች፤ ሰዓደት ማጣበቂያውን ቀብታ ለጠፈች፤ ሳንቃው ማጣበቂያው እንዲደርቅ ምድጃ ገባ። ቀኑም እንደ ማንኛውም ቀን አለፈ።

ከሥራ ሲወጡ ሁለቱም አንድ ታክሲ ውስጥ ናቸው። ረዳቱ አየሩን አሸተተና፦

"ኧረ ወገን፣ ቅቤ የጫነ ሰው አለ! የዕቃ ሒሳብ ለየብቻ ነው!"

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። አለሚቱ መች የምትሸነፍ ናት፦ "አራስ ነኝ! ይልቅ አፍህን ከፍተህ መርቀኝ።"

"እንኳን ማርያም ማረችሽ! ግን እየቀለጥሽ ነው፣ እህቴ። ገላን ሳንደርስ እንዳታልቂ!"

አለሚቱ እየሳቀች በጆሮ ግንዷ የወረደውን ጠብታ በእጇ ጀርባ ጠረገችው። ያን ጊዜ የሰዓደት ሳቅ ተቋረጠ። ያን አጠራረግ ጠዋት አይታዋለች።

ከታክሲው ሲወርዱ ክንዷን ያዘቻት። "አሌ፣ ጠዋትም እንዲህ ጠርገሽ ነበር። በጓንቱ።"

"ምኑን?"

"ላብሽን። ከዚያ ነው ብረቱን የሰጠሽኝ።"

"በአልኮል ወልውየዋለሁ እኮ!"

"ከመወልወልሽ በፊት ነው ላብሽን የጠረግሽው ወይስ በኋላ?"

"እኔ እንጃ።" የአለሚቱ ድምፅ ወረደ። "ሰዓዲ፣ በልጄ ይዤሻለሁ። ጃለታ 'ማን ነው?' ብሎ ሲጀምር ታውቂዋለሽ። 'ማን ነው' ከተባለ በኋላ የተረፈ ሰው አይተሻል?"

ሰዓደት ምን ትበል? በአንድ በኩል ጡት የሚጠባ ሕፃን ያላት ጓደኛዋ እንጀራ አለ። በሌላ በኩል ከማሳ በላይ ዝቅ ብሎ የሚበርር፣ ስሙን የማታውቀው ሰው። "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም" ይላል ያገሬ ሰው። ይህን የተናገረው ሰው በዕድሜው አንድ የአውሮፕላን ጅራት አልለጠፈም! እኛ ግን ተረቱን እንደ ጸሎት እንደግመዋለን፤ በየፋብሪካው፣ በየቢሮው፣ በየግንባታው። ከዚያ አንድ ነገር ሲወድቅ ደረት እንመታለን።

በማግስቱ ጠዋት ሰዓደት ጃለታ ፊት ቆመች።

"ጋሽ ጃለታ፣ የትናንቱ ሳንቃ አይውጣ። ቅባት ሳይነካው አልቀረም።"

ጃለታ ከኪሱ ሳንቲም አወጣና ሳንቃውን ዳር ዳሩን አንኳኳው። ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። "ሰማሽ? ሙሉ ነው።"

"ውስጡ ክፍተት ቢኖር ድምፁ ይነግረን ነበር። ቅቤ ድምፅ የለውም።"

"አውቃለሁ" አለ ጃለታ። የምሩን ነው፤ ይህን ሥራ ያስተማራት እሱ ነው። "ግን ነገ ሊወስዱት ይመጣሉ። ማን ነው?"

"መጀመሪያ ይሰበር።"

"ማን ነው አልኩሽ!"

"እሺ፣ ልቁጠርልዎት። አንደኛ እኔ፣ ውሃ ሳላፈስ የለጠፍኩት። ሁለተኛ እርስዎ፣ እለፉት ያሉት። ሦስተኛውን ሳንቃው ከተሰበረ በኋላ እንነጋገራለን።"

ከወዲያ ጥግ አንዱ "ዛሬስ ሰውዬው በላት" ሲል ተሰማ። ጃለታ ግን አልጮኸም። ሳንቃውን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ መሮና መዶሻ አነሣ።

መገንጠሉ ቀላል አልነበረም። ብረቱ ሲላቀቅ የካርቦኑን ጥቁር ክር ተልትሎ ይዞ ነው የመጣው፤ ያ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማጣበቂያው ሳይለቅ ጨርቁ ተቀደደ ማለት ነው። ሰው ሁሉ "ይኸው፣ በከንቱ!" ሊል አፉን ሲከፍት ጫፉ ጋ ደረሱ። እዚያ ምንም ክር አልነበረም። ብረቱ ራቁቱን እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። አውራ ጣት የምታህል ቦታ።

"ለዚህች?" አለ ቅድም ከጥግ የተናገረው ሰው።

ጃለታ አውራ ጣቱን አስቀመጠባት። ልክክ አለች። "ማጠፊያው ጫፍ ላይ ናት" አለ ቀስ ብሎ፤ "መለያየት ከሚጀምርበት።"

ያኔ አለሚቱ ከኋላ መጣች። ቆቧን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። "ሦስተኛዋ እኔ ነኝ" አለች።

እዚህ ላይ ጃለታ ተለወጠ፣ ሁሉም ተቃቀፈ ብዬ ብጽፍ ውሸታም ነኝ። ከላይ ያሉት ጃለታን "ማን ነው?" አሉት፤ እሱም የለመደውን አደረገ፤ ስም ሰጠ። አለሚቱን ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወሯት። ሰዓደት ተገሠጸች። ጣሪያው ላይ ግን ትልቅ የውሃ ታንከር ተሰቀለ፤ ውሃ በጠፋበት ቀን ምንም አይለጠፍም ተባለ። ታንከሩን ለመስቀል የግድ የአንዲት አራስ ስም መጠራት ነበረበት? ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

አለሚቱ ለብዙ ጊዜ ከሰዓደት ጋር ታክሲ አልተሳፈረችም። አይታት ሌላ ትጠብቃለች። ሰዓደት አልፈረደችባትም፤ "እኔም ብሆን" ትለኛለች። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ግን አለሚቱ መጥታ አጠገቧ ዘፍ አለች፤ አናቷ በቅቤ ወዝቷል።

"አትፍሪ" አለቻት፤ "ማሸጊያ ክፍል ቅቤ አይከለከልም።"

ሰዓደት ሳቋ ነው ወይ ልቅሶዋ ሳይለይ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እናንተ በማንም ሰው ሥራ ላይ አለቃ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ነገ አንዱ መጥቶ "ይህ ነገር ልክ አይመስለኝም" ሲላችሁ "ማን ነው?" አትበሉ። "የት ጋ ነው? አሳየኝ" በሉት።