አባቴ በቁሙ የተለቀሰለት ቅዳሜ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እዚሁ አሰላ ቤታችን ውስጥ ነው። የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ይስቃል። እኔ ግን ነገሩ ትዝ ባለኝ ቁጥር አልሃምዱሊላህ ነው የምለው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ልቡን ያመዋል፤ ያኔ ከሐኪም ቤት ገና መውጣቱ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሲሬ ከምትኖረው አንድ እህቱ፣ ከአክስቴ ዘሃራ ጋር፣ በአያቴ መሬት የተነሳ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። ሽማግሌ ቢላክ፣ እኔ ብለምን፣ ሁለቱም ወይ ፍንክች! ሳይታረቁ አንድ ነገር ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

ያን ቀን ደስ ይበለው ብዬ በፍላሽ ያስጫንኩትን የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ከፈትኩለት። ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምረው ከኖረው የነገሥታት ተውኔት የተሠራ ነው። "ቃል በቃል እኮ ነው! አንዲት መስመር አልዘለሉም!" እያለ ከተዋናዮቹ እኩል ያነበንባል። እኔ እንግሊዝኛው የጥንት ሆኖብኝ ምንም አልገባኝም፤ የሚተረጉምልኝ እሱ ነው። እየቆየ ትርጉሙ ቀነሰ፣ ከዚያም ጠፋ።

ፊልሙ ላይ የታመመው ንጉሥ አልጋው ላይ ተኝቷል። ልጁ ገብቶ ሲያየው የሞተ መሰለው። ዘውዱን አነሳና ወጣ። ይሄስ ያለ አስተርጓሚ ገባኝ። "አባዬ፣ ሞተ እንዴ?" ብዬ ዞር አልኩ።

አባቴ ጋቢው ውስጥ አንገቱ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፉ ተከፍቶ ዝም ብሏል። ነቀነቅኩት፤ ዝም። እጁን ያዝኩት፤ በረዶ! በአሰላ ክረምት የማን እጅ ይሞቃል ብሎ ያን ሰዓት ማን ያስባል? ጩኸቴን ለቀቅኩት።

ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ። እኛ ዘንድ ቀብር አይዘገይም፤ አንዱ ወደ መስጊድ ሮጠ፣ የጎረቤታችን ሚስት ደግሞ ሲሬ ደውላ አክስቴን አረዳቻት። በዚህ መሃል አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ቤቱን የሞላውን ሰው አየና "ምንድን ነው? መብራት ሄደ እንዴ?" አለ።

ለካ ሐኪም ቤት የሰጡት አዲስ መድኃኒት ነው ጭልጥ አድርጎ ያስተኛው! ሳቄና ለቅሶዬ ተደባልቆብኝ እግሩ ሥር ዝርፍጥ አልኩ።

ወዲያው ግን ሌላ ድንጋጤ መጣ። አክስቴ ጋ ብንደውል፣ ደግመን ብንደውል ስልኳ አይሠራም። መንገድ ጀምራለች ማለት ነው። መጥታ በሕይወት ስታገኘው "ቀለዱብኝ" ብትልስ? በቃ፣ እርቁ እስከ መጨረሻው ሊቀር ነው አልኩ።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ድምጿ ገና ከመንገዱ ተሰማ። "ኦቦሌሳ ኪያ! ወንድሜ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ! መሬቱ በአፍንጫዬ ይውጣ! ይቅር በለኝ ሳልልህ፣ ወንድሜ!"

ላስቆማት ስነሳ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "ተያት፣ ትጨርስ" አለኝ። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል።

ከዚያ ተደግፎኝ በረንዳው ላይ ወጣ። አክስቴ ስታየው ባለችበት ደርቃ ቀረች።

"አንተ! አለህ?"

"አለሁ እህቴ። ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ አሁን መልሼ ልውሰደው እንዳትይ!"

"ገደልከኝ እኮ! ገደልከኝ!" እያለች ደረቱን በነጠላዋ ጫፍ መታችው፤ መታችውና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ነው የምሩን ያለቀሰው።

በሰፈራችን "አባቷን የገደለችው" ይሉኛል። ይበሉኝ! እኔ አሁን እፎይ ብዬ ነው የምተኛው። በሕይወት እያለ መወደዱን የሚሰማ ማን አለ፤ ሁሉም የሚባለው ሬሳው ላይ ነው። አባቴ ግን ቁጭ ብሎ፣ በገዛ ጆሮው፣ ከእህቱ አፍ ሰማው።