ባሌ፣ ጥርጣሬውና የጡረታ ፈንዱ

ባሌ ሰው አያምንም። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ እሱም ቢሰማኝ «ልክ ናት» ነው የሚለው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። መነሻው ፌርማታ ላይ ተሳፍሮ ስለማያውቅ ተሳፋሪዎቹ «ጭልፊቱ» ይሉታል። «መነሻው ላይማ ሁሉም ጨዋ ነው» ይላል። ሰው ዘና ሲል፣ መንገድ መሃል ላይ ድንገት ይገባና እጁን ዘርግቶ «ትኬት» ይላል። ትኬቱ ደህና ከሆነ «ተመልክቻለሁ፣ መልካም መንገድ» ብሎ ያልፋል። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም።

ቤትም ያው ነው። ወተቱን ከመጠጣቱ በፊት ያሸታል፣ ከዚያ የሻጯን ፊት ያያል። ሬዲዮ «ነገ ፀሐይ ነው» ካለ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። በወጣትነታችን «አገባሃለሁ» ስለው እንኳ «ማን ላከሽ?» ነው ያለኝ። እንግዲህ ይህን ሰው ነው ስችለው የኖርኩት።

አንድ ቀን ብቻ ደንቡን ጣሰ፤ የታመመ ልጅ ያቀፈች ሴት ትኬት ሲጠይቃት ባዶ መዳፏን ዘረጋችለት። መዳፏን አየት አድርጎ «ተመልክቻለሁ፣ መልካም መንገድ» አላት። ይህን የነገረኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። «ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለኝ። ይኸው ተነፈስኩ።

ጡረታ በወጣ ማግስት ጡረተኞቹ ተሰብስበው በጡረታ ፈንዱ ቦርድ ላይ ተወካያችን ሁን አሉት። ለምን እሱን? ማንንም ስለማያምን ነዋ። ለመጀመሪያው ስብሰባ ኮቱን አስተኩሶ ሄደ፤ ሲመለስ ፊቱ ቅጭም ብሏል።

«አዲስ ነገር አምጥተዋል» አለኝ ጫማውን እያወለቀ። «ዘላቂ ኢንቨስትመንት ይሉታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«የጡረተኛው ገንዘብ አየር የሚበክል፣ ውሃ የሚያበላሽ ሥራ ላይ አይዋል ነው የሚሉት። ዛሬ ሥራ የጀመረው ልጅ ጡረታ ሲወጣ ገንዘቡም ይጠብቀው፣ የሚተነፍሰው አየርም ይጠብቀው ነው።»

«ታዲያ ምኑ ይከፋል?»

«ምኑም አይከፋም። እሱ ነው የከነከነኝ።»

ነገሩ እኛን የሚነካ ባይሆን ስቄ ባለፍኩት። ግን ይነካናል። ፈንዱ ከከተማው ዳር ባለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ልጃችን የምትኖረው ፋብሪካው ሥር ነው፤ ባሏም እዚያው፣ ሲሚንቶው ከረጢት ውስጥ በሚሞላበት ክፍል ይሠራል። የልጅ ልጃችን ሚጡ አቧራው አልስማማት ብሎ ሳል አይለቃትም። ስታስል ትከሻዋ ሁሉ ይርገፈገፋል፤ አንጀቴን ትበላዋለች።

ቦርዱ ፊት የቀረበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛው ድርሻውን ሸጦ መውጣት። እንዲህ ከሆነ ፈንዱ እጁን ታጥቦ ይወጣል፣ አቧራው ግን ባለበት ይቀጥላል። ሁለተኛው አለመሸጥ፤ ባለድርሻ ነኝ ብሎ ፋብሪካው የአቧራ ማጣሪያ እንዲተክል ማስገደድ። የፈንዱ አለቆች ሸጦ መገላገሉን ወደዋል። አንዲት ወጣት የፈንዱ ባለሙያ ግን «አንሽጥ» ብላ ጥናት ይዛለች።

ከሁሉም ይልቅ ባሌ የጠረጠረው እሷን ነው።

«አለቆቿ እንሽጥ ሲሉ እሷ ምን አንገበገባት?» አለኝ። «የአውቶቡስ ሹፌሩ ጓደኛዬ ነግሮኛል፤ በየሳምንቱ ወደ ፋብሪካው ሰፈር ትመላለሳለች። ከፋብሪካው የምትቀምሰው ነገር ባይኖር ነው?»

ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ። ለምን እንደምትመላለስ አውቃለሁና። የሚወርደው አቧራ የሚለካባቸው ነጫጭ ሳህኖች የልጃችን ጣሪያ ላይ አስቀምጣለች፤ በየሳምንቱ የቆሸሹትን ወስዳ ንጹሖቹን ትተካለች። ልጄ ደግሞ እግሬ ላይ ወድቃ ነው የለመነችኝ፤ «እማዬ፣ ለአባዬ እንዳትነግሪው። ፋብሪካው ከሰማ ባሌ በማግስቱ ይባረራል።» እውነቷን ነው። የእኔ ባል የጠረጠረውን ነገር ሰው ፊት ሳይናገር አያድርም። እንዳልናገር የልጄ እንጀራ፣ ዝም እንዳልል የሚጡ ሳል፤ እንዲያው ተንገበገብኩ። «ተው፣ ልጅቷን አታስቀይማት» ብቻ አልኩት። እሱም እኔን ጠረጠረኝ።

በቀጣዩ ስብሰባ ተነስቶ ጥርጣሬውን ተናገረ። ባለሙያዋ እስክትጣራ ድረስ ጥናቱ ወደ ጎን ይቀመጥ፣ እሷም ከጉዳዩ ትራቅ ተባለ። አለቆቹ ደስ አላቸው፤ ሊሸጡ ነውና። ባሌም ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። ያን ቀን ራቱን ሳቀርብለት ፊቱን ማየት አስጠላኝ።

በዚህ ቢበቃው ጥሩ ነበር። ማስረጃ ልያዝባት ብሎ እሷን መከታተል ጀመረ። እንደ ልማዱ መንገድ መሃል ካለ ፌርማታ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ጢም ብሏል፤ ልጅቷ የኋላ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ሐሳቡ ከሩቅ ሊያያት ነበር። ግን እዚያ የሰው መተላለፊያ ውስጥ ሲገባ እጁ በራሱ ጊዜ ተዘረጋ፣ አፉም «ትኬት» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ኪሱን ይፈትሽ ጀመር። እሷም አንገቷን ቀና ስታደርግ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ጋሼ፣ ጡረታ የወጡ መስሎኝ» አለችው ትኬቷን እያሳየች።

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። እሱ ላብ በላብ ሆነ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«እኔን እየተከተሉ ከሆነ ይቀመጡ፣ እግርዎ ይደክማል» አለችው። «የቀሩኝን ዕቃዎች ላነሳ ነው የምሄደው። የት እንደሆነ ግን አልነግርዎትም። የሰው እንጀራ አለበት።»

ሌላ ሰው ይህን ሲሰማ አፍሮ ይመለሳል። እሱ ወይ ፍንክች። በሌላኛው በር ወርዶ ከሩቅ እግር በእግር ተከተላት። ልጅቷ ኮረኮንቹን አልፋ አንድ አረንጓዴ በር አንኳኳች። ያንን በር አረንጓዴ የቀባው እሱ ራሱ ነው። ልጃችን ከፈተችና ከባለሙያዋ ትከሻ በላይ አባቷን አየችው።

የቀረውን የነገረችኝ ልጄ ናት። የቀሩት ሳህኖች ከጣሪያው ወረዱ፤ ባሌ አንዱን በጣቱ ጠረገው፣ ጣቱ አመድ መሰለ። ከውስጥ ሚጡ ታስላለች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ብነግርህ ማስረጃ አምጪ ትለኝ ነበር፣ አባዬ» አለችው። «ማስረጃውን ስትይዝ ደግሞ ቦርዱ ፊት ታወጣው ነበር።»

ያን ዕለት ቤት ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። እኔም ማወቄን ነገርኩት። «አንቺም?» አለኝ።

የድምፅ መስጫው ቀን ቦርዱ ፊት ቆሞ ጥናቱ ይነበብልኝ አለ። ሰብሳቢው ዓይኑን አፍጥጦ አየው።

«ልጅቷ አትታመንም ብለው ያስቆሙት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ተሳስቻለሁ» አለ።

እኔ ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼው አላውቅም።

«ምን አግኝተው ሐሳብዎን ለወጡ? ማስረጃ ይኖርዎታል?»

ማስረጃው የተገኘው ከልጁ ጣሪያ ላይ ነው። ቢናገር የልጁ ባል ሥራ ያበቃል። ዕድሜውን ሙሉ «ትኬት» ሲል የኖረ ሰው ባዶ እጁን ቆመ።

«አለኝ፣ ግን ላሳያችሁ አልችልም» አለ። «እመኑኝ።»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። በመጨረሻ የአሠሪዎች ተወካይ የሆኑት አዛውንት «ይሄ ሰውዬ እመኑኝ ካለማ የሆነ ነገር አለ» አሉ፤ ጥናቱ ተነበበ። ድርሻው ሳይሸጥ ቀረ። ፋብሪካው በአንድ ዓመት ውስጥ ማጣሪያ እንዲተክል፣ ካልተከለም የሥራ አመራሩ እንዲቀየር ፈንዱ በባለድርሻነቱ ይጠይቅ ተባለ። ባሌ ባለሙያዋን ደጃፍ ላይ ጠብቆ ይቅርታ ጠየቃት። እሷም «ወደ ቀጣዩ ፋብሪካ አብረን እንሄዳለን፣ ጋሼ፤ ከመነሻው ግን አንሳፈርም» አለችው።

ማጣሪያው መተከል ጀምሯል። ባሌ «ባዶ ቆርቆሮ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ እኔም የፋብሪካውን ሰዎች አላምናቸውም። ስለዚህ በየቅዳሜው ልጃችን ቤት እየሄድን የመስኮቱን ደፍ በጣታችን እንጠርጋለን። አሁንም ጣታችን አመድ ይመስላል።

ባለፈው ቅዳሜ ከአረንጓዴው በር ውጪ ሆነን ሚጡ ስታስል ሰማናት፤ ሁለታችንም ሰማን። ስንገባ አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። እናቷ ምን ብላ እንደመከረቻት እንጃ።

«ዛሬ አሳለሽ?» አላት ባሌ።

«ኧረ አላሳለኝም፣ አባባ» አለችና ሁለት መዳፏን ዘረጋችለት፣ ምንም የለም እንደማለት።

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መዳፎቿን ተራ በተራ ተመለከተ።

«ተመልክቻለሁ» አላት። «መልካም መንገድ።»

ሚጡ የት እንደምትሄድ ሳይገባት ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ባሌም ተነስቶ መስኮቱን ዘጋው።