ከሙታን ጋር የጻፍኳቸው እናት

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ ቢለኝ ነው የምጽፈው።

የምኖረው እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ነው፤ ሥራዬ አረጋውያንን መጦር። የካቶሊክ ቁምስናችን ድሮ ክርያት ሞሼ ሰፈር ውስጥ በአንዲት እናት ሳሎን የተጀመረ ነው። ዛሬ የተከራየነው አዳራሽ እንኳ ሞልቶ ሰው ደጅ ይቆማል። እሑድ የሥራ ቀን ስለሆነ የምናስቀድሰው ቅዳሜ ነው። አባ "ታሪካችን ሳይረሳ አንቺ ጻፊው" አሉኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ "ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ ምን ችግር አለው!" አልኩ።

ሳሎናቸውን የሰጡት እናት ወለተ ማርያም ይባላሉ። የክርስትና ስማቸው ነው፤ ሌላ ስማቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም። ቤተ እስራኤል የሆኑትን ባላቸውን ተከትለው ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። የት እንዳሉ ስጠይቅ አንዷ "ታመው ነበር" አለችኝ፤ ሌላው "ኧረ አርፈዋል መሰለኝ" አለ። ቀብራቸው ላይ ማን ነበር ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም። ላረፉት መሥራቾች ፍትሐት ሊደረግ ሲል ስማቸውን ከሙታኑ ጋር ጽፌ ለአባ ሰጠሁ።

አባ ስሞቹን እያነበቡ "ወለተ ማርያም" ሲሉ ከኋላ ቀጭን ድምፅ "አቤት!" አለ።

የማርያም ያለህ! ሰው ሁሉ ዞረ። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ፊሊፒናዊት አስታማሚ ቆማለች። አባ ወረቀቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

ቅዳሴው ሲያልቅ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ለካ አምስት ዓመት ሙሉ እዚሁ አጠገባችን መዝከረት ባትያ ከተማ፣ ቤት አቮት በሚሉት የአረጋውያን መጦሪያ ነበሩ። ለሥራ የምሳፈርበት አውቶቡስ በበሩ ነው የሚያልፈው። ከእኛ አንድም ሰው ጠይቋቸው አያውቅም። አዲሷ አስታማሚያቸው ካቶሊክ ሆና ነው ያመጣቻቸው።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ! አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ" አልኩ እያለቀስኩ።

እጄን ያዝ አደረጉኝ። "ተይው ልጄ። እዚያ ይሄን ስሜን የሚያውቀው የለም። ሞታለች ብላችሁም ቢሆን ጠራችሁኝ" አሉ፣ ፈገግ ብለው።

ያ ፈገግታ ነው የገደለኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን በየሳምንቱ እጠይቃቸዋለሁ። የቁምስናውን ታሪክ ግን እስካሁን አልጨረስኩም። አባ "ምን ደረሰ?" ሲሉኝ አንድ ሰበብ እፈጥራለሁ። እውነቱ ግን ፈርቻለሁ። ለፍትሐቱ በጻፍኩት የሙታን ዝርዝር ላይ ገና አሥራ አንድ ስም አለ፤ የአንዳቸውንም ቀብር አየሁ የሚል ሰው አላገኘሁም።