የተልተሌው ኮምፒዩተርና የጉዮ ናጋ

ባለፈው እሁድ ልጄ ላፕቶፗን ታቅፋ ምሳ ላይ ቀረበችና፣ “እማዬ፣ አንቺ በወጣትነትሽ የሠራሽበትን ነገር ብሮውዘሮቹ ሊተዉት ነው አሉ” አለችኝ። ጥሬ መረጃ ተቀብሎ፣ ስታይልሺት በሚባል የትእዛዝ ፋይል እየተመራ፣ እዚያው በተጠቃሚው ኮምፒዩተር ላይ ወደሚነበብ ገጽ የመለወጡን ሥራ ማለቷ ነው። “እስከዚያው የሚችለውን ብሮውዘር ከማይችለው መለየት አለብኝ። ስሙንና የስሪት ቁጥሩን ብጠይቀው አይበቃም?”

ጉርሻዬን መለስኩት። ይቺን ጥያቄ ነገሌ ላይ አንድ ጠዋት ላብ በላብ ሆኜ መልሻታለሁ።

ያኔ የቦረና ዞን ገና ለሁለት አልተከፈለም፤ ተልተሌም የሚታዘዘው ከነገሌ ነበር። እኔ እዚያው ነገሌ ጦር ካምፑ አጠገብ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ። ኮምፒዩተር ተምሬ ከአዋሳ ስመለስ አንድ የውሃ እርዳታ ቢሮ ቀጠረኝ። ያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ፣ ነገሌ ላይ እንኳ አቧራው ከሻዩ ጋር ይጠጣ ነበር። የግመል ወተት እየያዙ የሚመጡት ሴቶች ከገበያ ጠፉ፤ እኔም ቁርሴን በደረቅ ዳቦ መግፋት ለመድኩ። የተልተሌ ቆላ ደግሞ የባሰበት ነበር። እዚያ የነበረችን አንዲት የውሃ ቦቴ ብቻ ናት። በዚያ መንገድ አንድ ቦታ ደርሳ ለመመለስ ቀናት ይፈጅባታል። ተሳስታ ውሃ ወዳለበት ከሄደች፣ የሌላቸው ሰዎች እስክትመለስ ምን እንደሚሆኑ ለማሰብ እንኳ እንፈራ ነበር።

የኩሬዎቹንና የጉድጓዶቹን መረጃ በፍሎፒ ወደ ተልተሌው ኮምፒዩተር የላክሁት እኔ ነኝ። ጥሬው ፋይል ቦታዎቹን የያዘው ወሬያቸው በደረሰን ተራ ነው፤ በጣም የደረቀውን ከላይ አውጥቶ በሰንጠረዥ የሚያሳየው ስታይልሺቱ ነው። ፍሎፒውን የወሰደው የመስክ ሠራተኛም በመንገድ ያየውን እንዲያርምበት ተፈቅዶለት፣ አርሞና አስረክቦ ወደ ገጠር ወጥቷል። የአለቃዬ የአቶ ሰይፉ ትእዛዝ አጭር ነበር፤ ቦቴዋ ገጹ ላይ መጀመሪያ ወደ ተጻፈው ቦታ ትሂድ። አቶ ሰይፉ ከጎንደር መጥተው ነገሌ የከረሙ፣ ደግ ግን ሰዓታቸውን እያዩ የሚያወሩ ሰው ነበሩ።

ተልተሌን የምናገኘው ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ነው። እዚያ ያለው ሠራተኛችን ጉዮ የሚባል፣ ዕድሜው ከእኔ የማይርቅ የቦረና ልጅ ነበር።

“ጉዮ፣ ገጹ ተከፈተ? ሰላም ነው?” አሉ አቶ ሰይፉ።

“ናጋ፣ ናጋ! አንቱስ ናጋ?”

“ጥሩ። ቦቴዋን አስነሳ።” እጃቸው ወደ ሬዲዮው ማጥፊያ ሄደ።

በእኛ አገር ናጋ ማለት ሰላም ነው፤ ግን የሰላምታ መግቢያ እንጂ ወሬ አይደለም። ቤቱ የተቃጠለበት ሰውም መጀመሪያ ናጋ ይላል። ሰዉ፣ ከብቱ፣ ሰማዩ ሁሉ ተጠይቆ ሲያበቃ ነው ወሬው የሚመጣው። አቶ ሰይፉ ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ኖረው ይህን ለመጠበቅ ትዕግሥት አልነበራቸውም። ነውር መሆኑን እያወቅሁ እጃቸውን ያዝኩ።

“ጉዮ፣ እኔ ነኝ። እናትህ ናጋ?”

“ናጋ።”

“ከብቱስ? ሰማዩስ?”

“ናጋ፣ ናጋ።” ሰላምታው አበቃና ወሬው መጣ። “ግን እህቴ፣ ገጹ ነገሌ ካሳየሽኝ ይለያል። መጀመሪያ የተጻፈው ሀሮ ጉዳ ነው።”

በእኔ ስክሪን ከላይ ያለው ሌላ ነበር።

“የመስክ ሠራተኛው አርሞት ነዋ!” አሉ አቶ ሰይፉ። “ብሮውዘሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ስሙንም ቁጥሩንም ጉዮ ራሱ አንብቦልናል።”

አንብቦልናል። እኔ ግን ስሙ አንድ ሆኖ፣ ስታይልሺቱን የሚፈጽመው የውስጡ ክፍል አሮጌ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ። ያ ከሆነ ጉዮ የሚያየው እርማት ሳይሆን ያልተደረደረ ጥሬ መረጃ ነው። ዝርዝሩን ሁሉ እንዳያነብልኝ ደግሞ የተልተሌ ሬዲዮ ባትሪ እየደከመ ነው።

“ቦቴዋስ?”

“ሞተር ተነስቷል። ሹፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው።”

“ባዶ ፋይል ክፈትና የምልህን ጻፍ።”

ያጻፍኩት ሁለት ትንንሽ ፋይል ነው። አንደኛው ውስጥ ቦና የሚል ቃል ብቻ አለ፤ በጋ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ ያን ቃል ስታገኝ በቦታው ሮባ ብለህ አሳይ፣ ዝናብ ማለት ነው፣ ብሎ ያዛል። መለወጥ የሚችል ብሮውዘር ሮባ ይላል፤ የማይችል ቦናን እንዳለ ይተፋዋል። ለመናገር ቀላል ነው። በዚያ በሚንጫጫ ሬዲዮ የትእዛዙን ምልክቶች አንድ በአንድ “ክፍት ቀስት፣ ዝግ ቀስት፣ አይደለም፣ ሰረዙ ከፊት” እያሉ ማጻፍ ግን የሲኦል ሥራ ነበር። በዚያው ሞገድ የሚያዳምጠን የሞያሌው ሬዲዮ ኦፕሬተር መሀል ገባና፣ “ነገሌ፣ ምንድነው ቀስት ቀስቱ? ጦርነት ተነሳ እንዴ?” አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅለት ነበር።

“ጨረስክ? ክፈተው። ምን ይላል?”

ሬዲዮው አፏጨ።

“ቦና።”

“ደግመህ እይ።”

“ቦና ነው የሚለው፣ እህቴ።”

አቶ ሰይፉ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

“ጉዮ፣ ቦቴዋን አቁም!”

“አሁን ወጣች!” ወንበር ሲወድቅ ሰማን። ከዚያ በኋላ ከተልተሌ ምንም ድምፅ አልመጣም። አቶ ሰይፉ አማተቡ። እኔ ማይኩን ጨብጬ፣ ቦቴዋ አስፋልት በሌለበት በዚያ ቁልቁለት ስትወርድ ይታየኛል።

“ደረስኩባት” አለ ጉዮ፤ ትንፋሹ ተቆራርጧል። “ኬላው ጋ። ገመዱ ገና አልተፈታም ነበር።”

“ተመስገን! አሁን ዝርዝሩን እየውና ጭራሽ ውሃ የሌለበትን ፈልግልኝ።”

“ኤላ ዲማ” አለ፣ ወዲያው።

በእኔ ስክሪን ከላይ የነበረው እሱ ነው። “ሳታይ እንዴት አወቅክ?”

አቶ ሰይፉ ማይኩን ከእጄ ወሰዱ። “ጉዮ፣ እንዴት አወቅክ?”

“እናቴ እዚያ ናት።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“መጀመሪያ ወደ ተጻፈው ብለዋል፣ አንቱ። ለእናቱ አዳላ ልባል ነው?”

አቶ ሰይፉ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በሩ ላይ ቆሙ፤ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። እኔ አለቀስኩ። እናትህ ናጋ ብዬ ጠይቄው፣ ናጋ ብሎኛል። ቦቴዋ ግን ኤላ ዲማ ደረሰች፤ እናቱም ያን በጋ በሕይወት አለፉት።

ለልጄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። “ስሙን አትጠይቂው። ትንሽ ሥራ ስጪውና ሲሠራ እይው” አልኳት። እሷ ላፕቶፗን ከፈተች፤ እኔ ስልኬን አንስቼ ጉዮ ጋ ደወልኩ። ዛሬ ሞያሌ ነው የሚኖረው፤ ከተደዋወልን ቆይተናል።

“ጉዮ፣ ናጋ?”

“ናጋ፣ ናጋ፣ እህቴ!”

ልጆቹን ጠየቅሁ፤ ናጋ። ጤናውን ጠየቅሁ፤ ናጋ። ዝናቡን ጠየቅሁ፤ ናጋ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። ልጄ ቀና ብላ፣ “ተቋረጠ እንዴ?” አለችኝ። ዝም በይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ወሬውን ጠበቅሁ።