የእትዬ አስካለ ግማሽ ሳቅ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለማታውቁኝ ለእናንተ መናገር ለምን እንደቀለለኝ እንጃ።

ታላቅ እህቴ አስካለ ከግራ ጆሮዋ ሥር ባቄላ የምታህል እብጠት አወጣች። አንኮበር ሰፈራችን ጆሮ ደግፍ የያዘው ልጅ ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነው፤ ቅቤ አሙቄ አሻለሁ፣ በሱፍ ጨርቅ እጠመጥማለሁ። ትምህርት ቤት ባልገባም በራሴ ፊደል ቆጥሬ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ ቃሌ ይሰማል። «ጆሮ ደግፍ ነው» አልኳት። አሸሁ፣ ጠመጠምኩ። ክረምቱ አልፎ መስቀል ቢመጣም እብጠቱ አልጎደለም።

ደብረ ብርሃን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። አዲስ አበባ ሄዳችሁ በመርፌ ናሙና ይወሰድላት አለን። እሷ ወጥታ ባጃጅ ስታስቆም እኔ ተመለስኩና «ጆሮ ደግፍ አይደለም እንዴ ዶክተር?» አልኩት።

«እናቴ፣ ጆሮ ደግፍ እንዲህ ወራት አይቀመጥም። ሕመም ሳይኖረው ቀስ እያለ የሚያድገው ነው የሚያስፈራኝ። የምራቅ ዕጢ ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ አታቆዩት» አለኝ።

ሰማሁ። እኔ ብቻ ሰማሁ።

ባጃጁ ውስጥ «ምን አለሽ?» ስትለኝ ምን ነበረበት እውነቱን ብነግራት? ያ ሁሉ ቅቤ፣ ያ ሁሉ ኩራቴ ፊቴ ተደቀነ። ስህተቴን አገር ሊሰማው ነው አልኩ። «ዕጢ ብረት ከነካው ይቆጣል፤ ይቅርብሽ» አልኳት። አገሬው የሚለውን ነው ያልኩት፤ እኔ ግን አላመንኩበትም። እሷ አመነችኝ።

በዓመቱ ሻይ ከከንፈሯ ጥግ ይንጠባጠብ ጀመር፤ የግራ ዓይኗም አልከደን አለ። ያኔ አዲስ አበባ ይዣት ሮጥኩ። መርፌው ዕጢውን አላስቆጣውም፤ ስሙን ነገረን እንጂ። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ ካንሰር ነው አሉ። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በምራቅ ዕጢው መሃል ያልፋል፤ ካንሰሩ ስለያዘው አብሮ ተቆርጦ ወጣ። ቀድማችሁ ብትመጡ ነርቩን ለማትረፍ እንሞክር ነበር አለኝ ቀዶ ሕክምናውን የሠራላት ሐኪም። ከዚያ ጨረር ወሰደች። ተረፈች፣ ተመስገን።

አሁን የምትስቀው በቀኝ ጉንጯ ብቻ ነው። «ግማሹን ሳቄን ላንቺ አውርሼሻለሁ፤ አንቺ እንደሁ ኮስታራ ነሽ» ትለኛለች። ስትተኛ ዓይኗን ቅባት ቀብቼ በፕላስተር እከድንላታለሁ። ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ «እሷ ባትሮጥልኝ አፈር ነበርኩ!» እያለች ትመርቀኛለች። አላወቅኩም ልበል? አውቄ ነው። እየወደድኳት ነው ያደረግኩት፤ መውደዴ ደግሞ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ለባና ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር ትፈትላለች።

«ምን ትሞነጫጭሪያለሽ ደሞ?»

«ታሪክ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ አለሁበት?»

«አለሽበት።»

«እንግዲያው አንብቢልኛ!»

እንዝርቷን አስቀመጠች። ደህናውን ጉንጯን ወደ እኔ አዙራ፣ ገና ሳልጀምር ልትስቅ ተዘጋጀች። እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁና ከመጀመሪያው መስመር ጀመርኩላት፦ «ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።»